አውቶቡሱም ይሄዳል

ባሌ ከፋለ አስጎብኚ ነው። ፈረንጆች ይዞ ከላሊበላ በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ሲወጣ፣ ዳገቱ መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው "ስንት ቀረን?" ሲሉት "አምስት ደቂቃ" ይላቸዋል። ግማሽ ሰዓት ሄደው ደግመው ሲጠይቁትም አምስት ደቂቃ ነው። አንድ ቀን ለምን እንደሚዋሻቸው ብጠይቀው "ውሸት አይደለም፣ ማበረታታት ነው" አለኝ፤ ትልቅ ነገር እንደሠራ ሰው ደረቱን ነፍቶ።

በእሱ ብቻ መፍረድም አልችልም። እኛ አገር መንገደኛ የቀረውን መንገድ ሲጠይቅ እውነቱን የሚነግረው የለም። እውነቱን መንገር ክፋት ይመስላል። "ደርሰሃል፣ ያቺን ጥግ ብቻ እለፍ" ይባላል። ጥጓን ሲያልፍ ሌላ ጥግ አለ፣ እዚያም ሌላ ደግ ሰው ቆሞ "ደርሰሃል" ይለዋል። በላስታ ደግነት ምክንያት መንገድ ላይ ስንቱ እንደመሸበት እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ልጃችን ፍሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰች ቆይታለች። ማጠቃለያ ፈተናው የሚሰጠው ወልድያ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። ተፈታኞቹን አንድ አውቶቡስ ሰብስቦ ይወስዳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። አምና መንገዱ ተዘግቶ ሳትሄድ ቀረች። ዘንድሮም ከቀረች ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ የእጅ ሥራ ሱቄ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ መስቀል ስትወለውል፣ ቱሪስት ይመጣል እየተባለ ቱሪስት ሳይመጣ፣ ዓይኔ እያየ ታረጃለች። ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህንኑ ነበር። ቀን ቀን ደግሞ አውቶቡሱ ሲገለበጥ አስባለሁ።

የምትወደው ትምህርት ፊዚክስ ነው። እኔም ተምሬዋለሁ። በእኔ ጊዜ መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ባቡሮች ነበሩ፤ አንዱ ከኤ ይነሳል፣ ሌላው ከቢ። ላሊበላ ውስጥ ባቡር ያየ ሰው አልነበረም፤ አስተማሪያችንም አላየም። እነዚያ ባቡሮች ዳገት የለባቸውም፣ ጎማ አይፈነዳባቸውም፣ ረዳት ከሹፌር አይጣላባቸውም፣ በቋሚ ፍጥነት ብቻ ይሄዳሉ። በዚህ አገር ከሐሜት በቀር በቋሚ ፍጥነት የሚሄድ ነገር አይቼ አላውቅም። የት ላይ ይገናኛሉ ተብሎ ፈተና ሲመጣ አጋጭቻቸው ወጣሁ።

ፍሬ ግን ትከራከረኛለች። "ቆመ ወይም ሄደ የሚባለው ከሆነ ነገር አንጻር ነው፣ እማዬ። ከምን አንጻር ብለሽ መጀመሪያ ጠይቂ።"

"ከአባትሽ አንጻር ከሆነማ ቀንድ አውጣም ይበርራል" አልኳት።

አውቶቡሱ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከአደባባዩ ይነሳል ተባለ። ከፋለ ሳቀ። "ሁለት ሰዓት ማለት ሦስት ተኩል ነው። በዚህ አገር በሰዓቱ የተነሳ አውቶቡስ አሳዩኝ!" አደባባዩ አጠገብ ለሚኖር ጓደኛው ደወለለት፤ ጓደኛው "ገና ነው፣ ተረጋጉ" አለው። በኋላ እንደሰማነው ያን ያለው ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ነው። እኔ ደግሞ ጆንያውን እየፈታሁ እንደገና አስር ነበር። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብስ የሌላት ልጅ ብትኖር ብዬ ሦስተኛ፣ ጃንጥላ፣ ሻማ፣ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት፣ በጀሪካን ጸበል። ከፋለ ከተረጋጋ እኔ ጆንያ ባስር ምን አጠፋሁ?

ደርሰን ስናይ አውቶቡሱ የለም። ጭቃው ላይ የጎማ ፈለግ፣ ዳር ላይ ጥቂት ወላጆች። እንባቸው ሁሉ ደርቋል። በዕድሜዬ አንድ አውቶቡስ በሰዓቱ ተነሳ፤ እሱም ልጄ ያልተሳፈረችበት።

"ከሄደ ቆየ?" ብዬ ጮህኩ።

"አሁን! አሁን ነው የወጣው!" አሉኝ ሁሉም በአንድ ድምፅ። "ብትከተሉት ትደርሱበታላችሁ!"

ከፋለ ወዲያው ባለባጃጁን ደርበውን ጠራው። ደርበው የመስታወቱ ግንባር ላይ "ንስር" ብሎ ያጻፈ ጎረምሳ ነው። ንስሩ ቁልቁለት ላይ ንስር ነው፤ ዳገት ላይ ግን ዶሮ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

"እትዬ ይማርሽ፣ አይጨነቁ" አለኝ በስሜ ጠርቶ። "የነአኩቶ ለአብን መገንጠያ ሳያልፍ እይዝልዎታለሁ።"

"ፈጣን ነው ስልሽ!" አለ ከፋለ፣ ባጃጁን እሱ የፈጠረው ይመስል። ከፊት፣ ከደርበው ጎን ባላንድ ቂጡ ተንጠለጠለ። እኔ፣ ፍሬና ጆንያው ከኋላ ተጠቀጠቅን። ጆንያው ከሁላችንም ሰፊ ቦታ ያዘ።

የነአኩቶ ለአብን መገንጠያ አለፍን። አውቶቡስ የለም። ደርበው ስለ መገንጠያው ያለውን ረስቶ ያፏጫል። ትንሽ ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ቦኖ አለ፤ አንዲት ሴት ውሃ ትቀዳለች። ከፋለ አንገቱን አውጥቶ ጠየቃት።

"አሁን!" አለች እጇን እያወራጨች። "አሁን አለፈ! የጎማው ውሃ እንኳን አልደረቀም!"

"ይኸው!" አለ ከፋለ።

በሐምሌ ዝናብ ምኑ ይደርቃል? ልሰድበው አፌን ስከፍት ፍሬ "ደርበው፣ አቁም" ብላ ዘላ ወረደች።

"እትዬ" አለቻት ሴትዮዋን፣ "አውቶቡሱ ሲያልፍ የትኛውን ጀሪካን ነበር የሚቀዱት?"

ሴትዮዋ ወደ ጀሪካኖቿ ዞረች። "ያን ቢጫውን... አዎ፣ ቢጫውን ደፍኜ ሳነሳ ነው ያለፈው። ከዚያ ወዲህ እነዚህን ሁለቱን ሞላሁ።"

ፍሬ ቧንቧውን አየችው፤ እኔም አየሁት። ውሃው እንደ ክር ነው የሚወርደው። በዚያ ቧንቧ ሁለት ጀሪካን እስኪሞላ ሰው ጸጉር ተሠርቶ ይጨርሳል።

"ሃያ ደቂቃ ይሆናል" አለች ፍሬ።

ሴትዮዋ አፈረች። "እኔ እንኳ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው፣ እናቴ" አለችኝ።

እንዳልጨነቅ! እኔን ከተወለድኩ ጀምሮ የተጨነቅሁትን፣ ሰው ሁሉ ባንድ ቃል ሊያረጋጋኝ ይፈልጋል።

"ሃያ ደቂቃ ምን አላት?" አለ ከፋለ። "ደርበው፣ ርገጠው!"

"አባዬ፣ አውቶቡሱም እኮ ይሄዳል" አለች ፍሬ።

"ይሂድ! እኛስ ቆመናል?"

"የኛ ፍጥነት ብቻውን ምንም አይነግረንም። የሚቆጠረው የሁለታችን ልዩነት ነው። እሱ የኛን ያህል ከሄደ እስከ ወልድያ ሃያ ደቂቃ እንደቀደመን ይደርሳል።"

"ይሄ መጽሐፍ ላይ ነው።"

"መጽሐፍ ላይ ቢሆንማ ባቡር ነበር የሚሆነው" አልኩት። ልጄን የደገፍኳት ፊዚክሱን አምኜ ሳይሆን ባሌን ለመቃወም ነው። አንዳንዴ ይህም ወደ እውነት ይወስዳል።

ፍሬ አውቶቡሱ ውስጥ ላለችው ጓደኛዋ ለገለቴ ደወለች፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍታ።

"ፍሬዬ! ቅርብ ነን፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው! ነይ፣ ትደርሺብናለሽ!"

"ገለቴ፣ ቅርብ ሩቅ አትበይኝ። በመስኮቱ ምን ይታይሻል?"

 ስልኩ ውስጥ የሞተሩ ድምፅና የሆነ ልጅ መዝሙር ይሰማል።

"ምን ይታይሻል?"

"የኤርፖርቱን መገንጠያ..." አለች ገለቴ በቀጭን ድምፅ፣ "ካለፍነው ቆየን።"

ከፋለ መስታወቱን ይወለውል ጀመር። የቆሸሸው በውጭ በኩል ነበር።

ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስንደርስ ባጃጁ ነጠረ፣ ሳል ሳል አለ፣ ቆመ። ደርበው ወርዶ ከወንበሩ ሥር በሃይላንድ ጠርሙስ ያስቀመጠውን ቤንዚን አወጣና ቀዳዳውን እየፈለገ ያንቆረቁር ገባ። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ በዓይነ ሕሊናዬ የወልድያ በር ሲዘጋ አየሁት። የበሩን ቀለም ሁሉ አየሁት።

ማዶ እርሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ያርሳሉ፤ አባባ አራጋው ይባላሉ። ፍሬ ጭቃውን እየረገጠች ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

"አባባ፣ እንዴት አደሩ? አውቶቡስ አልፏል?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። አሁን ነው ያለፈ። ብትሮጪ በእግርሽ ትይዢዋለሽ።"

በእግርሽ! እኚህስ ከሁሉም ባሱ።

"ሲያልፍ የት ጋ ነበር የሚያርሱት?"

በጅራፋቸው አንድ ድንጋይ አሳዩዋት። ድንጋዩ ሩቅ ነው፤ በድንጋዩና በበሬዎቹ መካከል የተገለበጠው አፈር ጥቁር ሆኖ ተዘርግቷል። ፍሬ ትልሞቹን በጣቷ ቆጠረቻቸው። ከዚያ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ በሬዎቹ አንዱን ትልም ጀምረው እስኪጨርሱ ስልኳ ላይ እያየች ቆመች።

"አንቺ ልጅ! አውቶቡስ አምልጦሽ ሰው ሲያርስ ትመለከቻለሽ?"

"ደርበውም ገና ነው፣ እማዬ።" በሬዎቹ ዞሩ። ፊቷ ጠቆረ። "ሠላሳ ደቂቃ ቀድሞናል።"

"ቅድም ሃያ አልነበረም?"

"ነበረ። ሰፍቷል።"

"ይህን ሁሉ መንገድ ስንበርር?"

"ከመንገዱ አንጻር ወደ ፊት ሄደናል። ከአውቶቡሱ አንጻር ግን ከተነሳን ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄድን ነው።"

ደርበው ከመንገዱ ሆኖ ሰምቶ ተቆጣ። "ምን? የኔ ባጃጅ ወደ ኋላ አትሄድም! የኋላ ማርሿ ከተሰበረ ዓመቷ ነው!"

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። የፈራሁት ሁሉ ሲደርስ "ብዬ ነበር" ማለት እወዳለሁ፤ ያን ቀን ግን አላልኩም። ፍሬ አላለቀሰችም። ወደ ዳገቱ ትመለከታለች። ከሜዳው ጫፍ ተነስቶ፣ ወልድያ መንገድ ላይ ወዳለችው ጋሸና የሚወጣው ተራራ ወገቡ ላይ ጉም ታጥቋል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ እየታጠፈ ይወጣዋል።

እንደገና ገለቴ ጋ ደወለች። አሁን መዝሙሩ የለም። "ምን ይታይሻል?"

"አስፋልት" አለች ገለቴ፣ ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። "ዳገቱን ጀመርን... ሰዉ ሁሉ ያስታውካል፣ ፍሬ። ከሙጃ በኩል የመጡት ልጆች መኪና አልለመዱም። ሹፌሩ እየተሳደበ ያቆማል፣ ሲነሳ ደግሞ ሌላው ይጀምራል። እኔም..." ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያን ቀን በፊት በሰው ማስታወክ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"ሲቆም ፍጥነቱ ዜሮ ነው" አለች ፍሬ ቶሎ ቶሎ። "መቆሙ ሁሉ ሲደመር ዳገቱን የሚወጣው በእግረኛ ፍጥነት ይሆናል። እኛ ሳንቆም ከወጣን ልዩነቱ ይጠባል።"

"አላልኩም?" አለ ከፋለ።

"አባዬ፣ ዳገቱን በዚህ ጭነት ከወጣን እኛም እንቆማለን። ደርበው፣ አራት ሰውና ጆንያ ይዘህ ትወጣለህ?"

ደርበው ንስሩን ሊከላከል አፉን ከፈተ፤ ወደ ጆንያው አየና ዘጋው። "ሁለት ሰው" አለ። "ካዘኑልኝ ደግሞ አንድ።"

መጀመሪያ ጆንያውን ጎትታ አወረደችው። ብርድ ልብስ አንድ፣ በሶ በፌስታል፣ የመፈተኛ ካርዷን ከነእስክሪብቶዋ ያዘች። ጸበሉን ላነሳላት ስል "እሱ ከባዱ ነው፣ እማዬ" አለች። ፊቷ ላይ ረጨሁላትና ጀሪካኑን መልሼ አስቀመጥኩት።

"አባዬ፣ ውረድ።"

"እኔ? ነገሩን የመራሁት እኮ እኔ ነኝ!"

"ውረድ አንተ ሰውዬ" አልኩት። "አምስት ደቂቃ ነው የቀረው።"

ወረደ። ጉልበቱን ያሻል። እኔ ወደ ባጃጁ ልገባ እግሬን ሳነሳ ፍሬ ክንዴን ያዘችኝ።

"እማዬ፣ አንቺም።"

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። "ማ? እኔ? ከማላውቀው... ከዚህ ልጅ ጋር ብቻሽን? በዚህ ጉም? ፍሬኑ እንደ ማርሹ ቢሆንስ? ወልድያስ ማን ይቀበልሻል? ብትታመሚ..."

"እማዬ፣ ከአንቺ ጋር ከሄድኩ አልደርስም።"

እንዲህ ነው ያለችኝ። በክፋት አይደለም፤ ጀሪካን እንደምትቆጥረው አድርጋ ነው ያለችው። አሥር ዓይነት ክፉ ነገር ሳስብላት ኖሬያለሁ፤ አንዱም ላይ እኔ ራሴ ጭነት ሆኜ አልነበረም።

እግሬን መለስኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ደርበውን ግን አንገትጌውን ያዝኩት። "እናትህን አውቃታለሁ። እናትህ የት እንደምትውል አውቃለሁ። የትኛውን ቤተክርስቲያን እንደምትስም አውቃለሁ።"

"ገብቶኛል፣ እትዬ" አለ ደርበው፤ እውነትም ገብቶት ነበር።

ባጃጁ ተነሳ። ሰማያዊ ጀርባው ጭቃ እየተፋ ሄደ፤ ፍሬ በጎን አንገቷን አውጥታ ታየኛለች። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ከእሷ አንጻር ግን፣ ልጄ እንዳስተማረችኝ ከሆነ፣ ወደ ኋላ እየሸሸሁ ነበር።

እኔና ከፋለ ጆንያውን መሀል አድርገን ቆምን። ቆይቶ ጉሙ ከተራራው ወገብ ተገፈፈና መንገዱ ታየ። ከላይ፣ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ አውቶቡሱ ቆሟል፤ ትንንሽ ሰዎች ዳር ላይ ጎንበስ ብለዋል። ከሥር ባጃጁ እንደ ጉንዳን ይሳባል። ሲቆም አየሁት ብዬ ጮህኩ፤ አልቆመም። ጎንበስ ያሉት ሰዎች ቀና እያሉ ይገባሉ። "ገና! አስታውኩ! አንዴ ደግሞ አስታውኩ!" እያልኩ በሰው ልጆች ላይ ጮህኩ። አውቶቡሱ ተነሳ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቆመ። ባጃጁ የመጀመሪያውን ጥምዝ ዞረ። በመካከላቸው ያለው መንገድ አጠረ፣ ከዚያም አጠረ። ልክ እዚያ ላይ ጉሙ መጥቶ ሁሉንም ሸፈነው።

አባባ አራጋው ከእርሻቸው ሆነው ተጣሩ፤ "ደርሳበታለች! አይዞሽ!" እሳቸው ፊታቸው ወደ በሬዎቹ ነበር።

ወደ ከፋለ ዞርኩ። አምስት ደቂቃ ሊለኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ካለኝም ጆንያውን ራሱ ላይ ልጥልበት ወስኛለሁ።

"አንተስ ምን ይታይሃል?"

ዓይኑን አጥብቦ ወደ ተራራው አየ። "ጉም" አለ። "ደረሰች አልደረሰች፣ አላውቅም።"

በትዳራችን ዘመን ስለ ርቀት የነገረኝ የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው። ምንም አላረጋጋኝም፤ ግን ጆንያውን አልጣልኩበትም።

መኪና ቢመጣ ብለን ጠበቅን፤ አልመጣም። ዝናቡ ሲጀምር ከፋለ ጆንያውን ተሸከመ፣ እኔ ጸበሉን ያዝኩ፣ ወደ ላሊበላ በእግራችን አቀናን። መንገዱ ረጅም ነው። ስንት እንደሚቀረን ማንንም አልጠየቅንም፤ ያገኘነው ሰው ሁሉ ግን ሳንጠይቀው ነገረን።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ።

"እማዬ፣ ገባሁ! አውቶቡሱ ውስጥ ነኝ!"

እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ልጄም ቢሆን የዚህ አገር ልጅ ናት። "ምን ይታይሻል?" አልኳት።

"የገለቴ ፌስታል" አለች። "ሞልቷል። መስኮት ክፈቺ እያልኳት ነው።"

ከዚያ ወዲህ ሌላ ማስረጃ አልጠየቅሁም። ከኋላዋ አንዱ ሲያስመልስ፣ አንዱ ሲሳደብ፣ ሞተሩም ዳገቱን ሲያማርር ይሰማኛል። ካህናት ዘውድ ጭነው ቢያዜሙልኝ እንደዚያ አያምርም።

"እናንተስ? ደረሳችሁ?"

"እንዴ፣ ቤት ገብተናል!" አልኳት። "አሁን እኮ እግሬን እየታጠብኩ ነው።" ከአንድ በኩል እውነት ነው፤ ዝናቡ እያጠበኝ ነበር።

 "እማዬ" አለች ፍሬ፣ "ምን ይታይሻል?"

ቀና አልኩ። ከፊቴ ጆንያ፣ ከጆንያው ሥር የራሰ ኮት፣ ከኮቱ ሥር የጭቃ ጫማ።

"የአባትሽ ጀርባ።"

"እየራቀሽ ነው እየቀረበሽ?"

ደህና አድርጌ አየሁት። እሱም ይረግጣል፣ እኔም እረግጣለሁ፤ ጆንያው ከዓይኔ ፊት አልሰፋም፣ አልጠበበም።

"ባለበት ነው" አልኳት።